ንጋት ሐይቅን የማያውቅ ካርታ

በአሮጌው የበረራ ካርታ ላይ አባይ በጉባ በኩል ወደ ሱዳን ሲወርድ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው። ዛሬ እዚያው ላይ የሚበር አብራሪ በመስኮቱ የሚያየው 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ደሴቶችና ብዙ ቅርንጫፎች ያሉት ሐይቅ ነው። ሐይቁ ንጋት የሚል ስም አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። መሞላት የጀመረው በሐምሌ 2012 ነው፤ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ወረቀቱ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ከታተመ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ወረቀት የለም።

ይህ ሁሉ ከተለወጠ በኋላም “የወረቀት ካርታ ያልያዘ አብራሪ አብራሪ አይባልም” የሚለው ክርክር አልቆመም። ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም፣ ወረቀት አይጠለፍም፣ ወረቀት አይዋሽም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ውሸት ነው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰማይ ላይ ደግሞ ሰው ሊገድል የሚችል ውሸት ነው።

ነገሩ የጥቂት ሀብታሞች ጨዋታ የሚመስለው ካለ የአሶሳን ሰው ይጠይቅ። አሶሳ ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ወደ 475 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በወለጋ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ፣ ስንት ሰው መንገድ ላይ እንደቀረ የክልሉ ነዋሪ ያውቀዋል። ክልሉ ራሱ በአባይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አሶሳና ካማሺ በአንድ ወገን፣ መተከል በሌላው። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ይገባል፤ እርዳታ ይዞ የሚሄድ ሠራተኛም ይከተላል። እንዲህ ባለ ቦታ አውሮፕላን ቅንጦት አይደለም። ትልቁ ኪው 400 በሁለት አብራሪ፣ በመሬት መቃረቢያ ማስጠንቀቂያና ከኋላው ባለ ሙሉ የበረራ ክፍል ታግዞ ይመጣል። ስለ እሱ የሚያሳስብ ብዙ ነገር የለም። የሚያሳስበው አንድ ሞተር ያላት ካራቫን ናት፤ ሕመምተኛ ወይም የጥናት ባለሙያ ጭና በዝቅተኛ ከፍታ የምትሄደው፣ አብራሪዋ ከመስኮቱና ጭኑ ላይ ካለው ካርታ ሌላ ብዙ ረዳት የሌለው።

ለመሆኑ ያ የሚወደሰው ወረቀት የትኛው ነው? በአነስተኛ አውሮፕላን አፍሪካን ሲያቋርጡ የኖሩ አብራሪዎች በአብዛኛው ይዘው የኖሩት የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያሳተማቸውን፣ ኦኤንሲና ቲፒሲ የሚባሉትን ሉሆች ነው። የመጀመሪያው በ1፡1,000,000፣ ሁለተኛው በ1፡500,000 መጠን የተሠሩ ናቸው። ለዘመናቸው ድንቅ ሥራ ነበሩ፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ነገር ግን በኦኤንሲ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። የአብራሪ አውራ ጣት ሲያርፍበት አንድ ሙሉ ሸለቆ ይሸፈናል። ያን ሰፊ ሉህ በሴስና ጠባብ ጓዳ ውስጥ ዘርግቶ መልሶ ለማጠፍ የታገለ ሰው ደግሞ፣ ለጥቂት ሰከንድ ከካርታ በቀር ምንም እንደማይታይ ይመሰክራል።

አሁን አንድ በረራ በሐሳብ ይታይ። ካራቫኗ ከአሶሳ ተነስታ ወደ መተከል ትሻገራለች። ክረምት ነው፤ ደመናው ዝቅ ብሏል፤ አብራሪው ደመናውን ሲሸሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘንብሏል። በአሮጌው ሉህ ላይ በዚያ ወገን ያለው ትልቅ ውሃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሱዳን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮሴሬስ ግድብ ሐይቅ። አብራሪው ከደመና ሥር ብቅ ሲል ሰፊ ውሃ ያያል። ወረቀቱ “ሱዳን ገብተሃል” ይለዋል። እሱ ግን ያለው ንጋት ላይ ነው። ደንግጦ ይታጠፋል፤ ነዳጅ ያባክናል፤ ምናልባትም ወደ ባሰ ደመና ይገባል። ተቃራኒው ደግሞ ይከፋል። ንጋትን በዓይኑ የለመደ፣ ነገር ግን ቅርጹን የሚያሳይ ካርታ የሌለው አብራሪ ሮሴሬስን አይቶ “ይህ የኛው ሐይቅ ነው” ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት የሚካሄድበትን ሰማይ ሰነጠቀ ማለት ነው። ኩርሙክ ከአሶሳ በአየር መስመር 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለካራቫን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ማዶ ያለው ታጣቂ ማንነት ጠይቆ የሚተኩስ አይደለም።

በዚህ ላይ የክልከላው ጉዳይ አለ። በመስከረም 2013 የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በግድቡ ላይ ማንኛውም በረራ መከልከሉን ለሮይተርስ አረጋግጠዋል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ጥያቄው አብራሪው ወሰኑን አየር ላይ ሆኖ እንዴት ያየዋል የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ክልከላ በዓለም ዙሪያ የሚተላለፈው ኖታም በሚባል አጭር ማስታወቂያ ነው፤ በትልልቅ ፊደላት የታጨቀ፣ በዲግሪና በደቂቃ የተጻፈ የነጥቦች ዝርዝር። የወረቀት ሰው እርሳስና ማስመሪያ አውጥቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በሉሁ ላይ ማስፈር አለበት። አንዲት አኃዝ ከተሳሳተ ክልክሉ ቦታ በወረቀቱ ላይ ሌላ ስፍራ ይሰፍራል። ኤሌክትሮኒክ ካርታ ያንኑ ማስታወቂያ ተቀብሎ ራሱ በቀይ ይከልለዋል፤ አውሮፕላኑ ሲጠጋ ይጮኻል። ወታደሩም አብራሪውም የሚፈልጉት ይኸው አይደለም? የተከለከለ ቦታ በግልጽ ቢታይ የሚጎዳ ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተራራው አለ። ከቦሌ ማኮብኮቢያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አሶሳ፣ ከዚያም ሙሉ ሲሆን 640 ሜትር ላይ ወደሚተኛው ንጋት የሚወርድ አብራሪ፣ በአንድ ቀን ደጋውንም ቆላውንም ያያል። በመካከሉ ክረምት የሚሸፍናቸው ሸንተረሮች አሉ። ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህን በደም የተማረ አገር ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሊላንድ የተሳፈሩባት ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ተነስታ ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ስታመራ በመጥፎ አየር ተራራ ገጭታ ወደቀች። 16ቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም ነበሩባት፤ ሁሉም የተራበ ሰው ለማየት ሲሄዱ ነበር። የዚያን ቀን አብራሪ ያልነበረው መሣሪያ ዛሬ በአንድ ታብሌት ላይ አለ። ከአውሮፕላኑ ከፍታ በላይ ያለ መሬት በቀይ፣ የተቃረበው በቢጫ ይታያል። ደመና ውስጥ ሆኖ ፊት ለፊት ምን እንዳለ ማወቅ በወረቀት ዘመን የስሌትና የዕድል ጉዳይ ነበር። ይህን መሣሪያ በእጁ ሊይዝ የሚችልን አብራሪ “መጀመሪያ ወረቀት” ማለት ትርጉሙ ምንድን ነው?

የወረቀት ወገኖች መልስ ባዶ አይደለም፤ መሰማት አለበት። ታብሌት ይግላል። አፕል ራሱ አይፓድ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራበት ይመክራል። በመጋቢትና በሚያዝያ የጉባና የኩርሙክ ቆላ ከዚያ እንደሚያልፍ፣ ፀሐይ የሚመታው የአውሮፕላን ጓዳማ እንደሚብስ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ “መቀዝቀዝ አለብኝ” ቢል አየር ላይ ቆሞ መጠበቅ የለም። ሶፍትዌርም ይወድቃል፤ በሚያዝያ ወር 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች አይፓድ ላይ ያለው የካርታ መተግበሪያ ተበላሽቶ በርካታ በረራዎች ዘግይተዋል።

ታዲያ አየር መንገዱ ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋውን የወረቀት ቦርሳ መልሶ አሸከማቸው? አላደረገውም። መተግበሪያውን አስተካከለና ቀጠለ። መፍትሔው ተራ ነው፤ ሁለተኛ መሣሪያ፣ ጥላ ውስጥ የሚውል መያዣ፣ ባትሪ መሙያ፣ ከመነሳት በፊት መረጃው መውረዱን ማረጋገጥ። ወረቀትም ካስፈለገ ይኑር፤ ግን የዚያን ዕለት መንገድ ከዚያ ዕለት መረጃ ላይ አትሞ መያዝ ይበቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት የኤሌክትሮኒኩ ልጅ ነው። የሠላሳ ዓመት ሉህ በቦርሳ ይዞ “መጠባበቂያ አለኝ” ማለት ግን ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በኪስ ይዞ እንደመዞር ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ለግል በረራ ኤሌክትሮኒክ ካርታ ወረቀቱን እንዲተካ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኢካኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም የኤሌክትሮኒክ ካርታ ማሳያን በአኔክስ 4 ውስጥ በራሱ ምዕራፍ አስፍሮታል። አዲስ ግኝት አይደለም።

ጂፒኤስ ቢታወክስ? ይህም በቁም ነገር የሚታይ ነው። በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ የጂፒኤስ መታወክና መጭበርበር የአብራሪዎች የዕለት ወሬ ሆኗል፤ ጦርነት ባለበት ድንበር ላይ ያለች አሶሳ ከዚህ የራቀች ናት የሚል የለም። ግን ጂፒኤስ ሲጠፋ የሚጠፋው በካርታው ላይ የምትንቀሳቀሰዋ የአውሮፕላን ምልክት ናት። ካርታው ይቆያል። አብራሪው በሰዓት፣ በኮምፓስና በመስኮት ወደሚሠራው የጥንት ዘዴ ይመለሳል፤ ልዩነቱ ሐይቁ ያለበትን ካርታ እያየ መመለሱ ነው። ይህን ዘዴ የማያውቅ አብራሪን ወረቀትም አያድነውም።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ክርክር ነው። ከባዱ ታብሌቱ ራሱ ምን ያውቃል የሚለው ነው። የወረቀትና የታብሌት ጭቅጭቅ የሸፈነው ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

በብዙ መተግበሪያዎች ውስጥ ያ ቀይና ቢጫ የሚያደርገው የመሬት ከፍታ መረጃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በየካቲት 1992 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ለ11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር ለካችው። የአፍሪካው የ30 ሜትር ዝርዝር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ። ትልቅ ስጦታ ነው። ግን የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው፤ መንኮራኩሯ ካለፈች 11 ዓመት በኋላ። በዚያ መረጃ ላይ ብቻ የተሠራ ታብሌት በግድቡ ቦታ የሚያሳየው ባዶ ሸለቆ ነው። 145 ሜትር የሚረዝመው ግንብ የለም። ከግድቡ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል እስከ ሆለታ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ከነምሰሶውና ከነሽቦው፣ የለም። በዝቅተኛ ከፍታ ለሚበር አውሮፕላንና ለሄሊኮፕተር ደግሞ እንደ ሽቦ ያለ ጠላት የለም፤ ተራራ ቢያንስ ከሩቅ ይታያል።

ስለዚህ ታብሌት መያዝ ብቻውን አያድንም። ትልልቆቹም ይሳሳታሉ፤ መጋቢት 26 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ውስጥ በሚሠራበት ማረፊያ ፋንታ ገና በግንባታ ላይ ባለው አዲስ ማረፊያ አርፏል። ጉዳት አልደረሰም። መሬት ላይ የተለወጠውና አብራሪው የሚጠብቀው ሲለያዩ ምን እንደሚከተል ግን ያ ማረፍ በሚገባ አሳይቷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የወረቀት ስህተት ሉሁ እስኪቀደድ ይኖራል። የፋይል ስህተት በ28 ቀን ውስጥ ሊታረም ይችላል። የበረራ መረጃ በዓለም ሁሉ የሚታደሰው በየ28 ቀኑ ነው፤ ቀኖቹም አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ግን ማንም ያላከውን መረጃ ማንም አያርምም። ያን የመላክ ግዴታ ያለበት መንግሥት ነው። የኢካኦ አኔክስ 15 አገሮች ለመላው ግዛታቸው የመሬት ከፍታና ከመሬት 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙ መሰናክሎችን በኤሌክትሮኒክ መልክ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ለዚህ ባለቤቱ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የመሬቱን ልኬት የሚይዘው ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት። ምሰሶዎቹ የት እንደቆሙ ኤሌክትሪክ ኃይል በሜትር ያውቀዋል። ሦስቱም የአንድ መንግሥት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም አዲስ አበባ ነው የተቀመጡት።

“ግድቡ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ዙሪያውን በካርታ መግለጥ ለጠላት መስጠት ነው” የሚል ይነሳል። ይህ አስተሳሰብ ካርታን ሁሉ የምሥጢር ሰነድ አድርጎ ከማየት የቆየ ልማድ የመጣ ነው። በሐምሌ 2012 ውሃው መተኛት ሲጀምር ዓለም የሰማው ከአዲስ አበባ መግለጫ ሳይሆን ከሳተላይት ምስል ነበር። ሴንቲኔል የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሐይቁን እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ያነሳሉ፤ ምስሉን ካይሮም ካርቱምም የፈለገ ሁሉ በነጻ ያወርደዋል። ጠላት ከተባለ ጠላት አስቀድሞ አይቶታል። ምሥጢሩ የተደበቀው ከካራቫኗ አብራሪ ብቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለእይታ በረራ የሚያወጣውን ካርታ ሙሉውን በየ56 ቀኑ በነጻ ይለቃል። የበረራ ተማሪው፣ ገበሬው፣ ጡረተኛው ያወርደዋል። ኢትዮጵያዊው አብራሪ ስለ ገዛ አገሩ ሰማይ የተሰናዳ ካርታ ሲፈልግ በዶላር ነው የሚመዘገበው። እዚህ ላይ የጄፕሰን ታሪክ ቢነሳ አይከፋም። ኤልሪ ጄፕሰን የፖስታ አብራሪ ነበር፤ የማረፊያዎችን ንድፍና የኮረብታዎችን ከፍታ በኪስ ማስታወሻ ደብተር እየጻፈ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1934 በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ቦይንግ ያን ድርጅት ከሌሎች የበረራ ሶፍትዌሮቹ ጋር በ2025 እ.ኤ.አ. ሲሸጥ ዋጋው 10.55 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዛሬ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ለአንድ አገር የሚሸጡት መረጃ በአብዛኛው ከዚያው አገር ባለሥልጣን ኅትመት የተቀዳ ነው። የኢትዮጵያ መረጃ ኮሎራዶ ደርሶ ተውቦ በዶላር ይመለሳል። ከሐምሌ 2016 የብር ተመን ለውጥ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስመጪው ብቻ ሳይሆን የአንዲት ትንሽ ቻርተር ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛም ያውቀዋል። ክፍያው ሲከብድ የሚመጣው ነገር ይታወቃል፤ ዕድሳቱ ይዘለላል፣ ያለፈው ወር ፋይል “ለዚህ ጊዜ ይበቃል” ይባላል። በወረቀት የተከሰሰው በሽታ በታብሌት ውስጥ ይገባል።

ሌላም አለ፤ ባለሥልጣናት መስማት የማይወዱት። ፋይል የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገሪቱ በሙሉ ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት ቆይታለች፤ በመተከል፣ በወለጋ፣ በኋላም በአማራ ክልል ግንኙነት የተቋረጠባቸው ወራት አሉ። 28 ቀኑ ግን ይቆጥራል። አሶሳ ላይ ያደረ አብራሪ ጠዋት የወጣውን ኖታም ማውረድ ካልቻለ፣ ኔትወርኩን ያጠፋው መሥሪያ ቤት ስለ በረራ ደኅንነት የመናገር ብቃቱ ጎድሏል። ቢያንስ በየአውሮፕላን ማረፊያው ለበረራ መረጃ ብቻ የሚውል፣ በማንም ትእዛዝ የማይቋረጥ መስመር ሊኖር ይገባል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አንድ ደብዳቤና ደብዳቤውን የሚፈርም ደፋር ኃላፊ ነው።

ባለሥልጣኑ ማድረግ ያለበት የታወቀ ነው። ለአነስተኛ አውሮፕላን ኤሌክትሮኒክ ካርታ፣ ከሁለተኛ መሣሪያ ጋር፣ ለወረቀት ሙሉ ምትክ መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ፤ ተቆጣጣሪም አብራሪን ሲፈትሽ “ወረቀትህ የት አለ” ከማለት ይልቅ “መረጃህ የስንት ቀን ነው” ብሎ ይጠይቅ። ከዚያም ሥራው ከምዕራብ ይጀመር፤ መሬቱ ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው እዚያ ነውና። ከሚቀጥሉት የ28 ቀን ዑደቶች በአንዱ ንጋት ሐይቅ ከነቅርጹ፣ የ500 ኪሎ ቮልቱ ምሰሶዎች ከነቁመታቸው፣ ክልክሉ ቦታ ከነወሰኑ፣ በማንኛውም ታብሌት ሊከፈት በሚችል ፋይል፣ በነጻ ይውጣ። የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛም ፋይሉን በፍላሽ ይዞ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን፣ ለሚነሳው አብራሪ በእጁ ይስጠው።